ነዳጅ መስጫው ላልቶባችኋል? ካቦ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ነዳጅ ስትሰጧት መጀመሪያ ምንም የማትል፣ ፔዳሉ ግማሽ ያህል ከወረደ በኋላ ደግሞ ድንገት የምትዘል አሮጌ መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ብዙ ጊዜ የሞተር ችግር የለባትም። ከፔዳሉ ተነስቶ እስከ ሞተሩ የሚሄደው የነዳጅ ካቦ ላልቶ ነው። ማስተካከሉ አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ፣ ፔዳል የሚረግጥላችሁ አንድ ጓደኛና የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ካቦው ጨርሶ አልጠብቅ ቢል እንኳን ከቡሎን መሸጫ ሱቅ በምትገዙት ሮንዴላ የሚፈታበት መንገድ አለ። ጋራዥ ከሄዳችሁ ግን ብዙ ጊዜ የምትሰሙት አንድ ቃል ነው፦ «ይቀየር»።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ይህን ካቦ ከሚገባው በላይ ማጥበቅ ላልቶ ከመተው ይከፋል። የላላ ካቦ ያናድዳል፣ በጣም የጠበቀ ካቦ ደግሞ ሰው ይገድላል። ለምን እንደሆነ ከታች በደንብ እናየዋለን።

አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ መስመር ላይ ቁሙና የሚያልፉትን መኪኖች እዩ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣችው ኮሮላ ዲኤክስ አሁንም ትሠራለች። የ90ዎቹ ኮሮላ፣ አሮጌው ሃይሉክስ፣ አይሱዙው፣ የድሮው ሃያስ ሚኒባስ ሁሉም አሉ። ቶሎም የሚጠፉ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው የገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይዞ መቆየቱ ነው። እነዚህ መኪኖች ደግሞ አብዛኛዎቹ ነዳጅ የሚታዘዙት በሽቦ ነው።

አዳዲሶቹ እንደዚያ አይደሉም። ፔዳሉ ሥር ሴንሰር አለ፣ ትእዛዙ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ የሚላላም የሚጠብቅም ነገር የለም። የእናንተ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ የምርት ዘመን መቁጠር አያስፈልግም። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ወፍራም ቱቦ ተከተሉ። ሞተሩ ጋ ሲደርስ ጎኑ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ትንሽ መዘውር ካለና ሽቦ ከተጠመጠመበት ባለ ካቦ ናት። ሽቦ ከሌለና የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ካለ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

ካቦው እንዴት ነው የሚሠራው

ነገሩ የብስክሌት ፍሬን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ውስጡ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ የብረት ሽቦ አለ። ውጪው ደግሞ ጠንካራ ቱቦ ነው። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ አንድ ነገር ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ሽቦው በውስጡ ይንሸራተታል። ፈጠራው ኧርነስት ቦውደን በ1896 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያገኘበት ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን፣ የባጃጅ ነዳጅ፣ የመኪና የእጅ ፍሬን፣ ሁሉም የዚህ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ፣ የርካሹ ጥገና ሚስጥር እሱ ነው። ካቦ የሚላላው ሽቦው ስለረዘመ ብቻ አይደለም። ቱቦው ስላጠረም ይላላል። ቱቦው ዓመታት ሲያልፉ በሙቀትና በግፊት ጫፍ ጫፉ ላይ ይጨመቃል፣ መደገፊያው ይበላል፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ትጠፋለች። ያቺ የጠፋች ርዝመት ሽቦው ላይ ልል ሆና ትታያለች። እንግዲያው ሽቦውን ማሳጠር ካልቻላችሁ ቱቦውን «ማስረዘም» ትችላላችሁ። ውጤቱ አንድ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ለካቦ ክፉ ነው። አዳማ ነፋስ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፣ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት በሆነ ሁለተኛ የተከተለው በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ ይዞት የሚመጣው የስምጥ ሸለቆ ደቃቅ አቧራ በተሰነጠቀ ቱቦ ይገባል፣ ውስጥ ካለው አሮጌ ዘይትና ግራሶ ጋር ይለወሳል፣ ከዚያ በኋላ ሽቦው በተንሸራተተ ቁጥር እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ሽቦው ይሳሳል፣ ቱቦው ከውስጥ ይበላል።

መጀመሪያ ልሉ የት እንዳለ ፈልጉ

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ጀምሩ። ከሁሉም በፊት የሾፌሩን ምንጣፍ አውጡት። ቀልድ አይደለም። እኛ ጋ ብዙ መኪና ላይ ያለው ምንጣፍ በገበያ በልክ የተቆረጠ፣ አንዳንዴም በሌላ ምንጣፍ ላይ የተደረበ ነው። ፔዳሉ ሥር ገብቶ እስከ መጨረሻ እንዳይወርድ ያደርገዋል፣ ባለቤቱ ደግሞ «መኪናዬ አልሄድ አለችኝ» ይላል። ሲብስ ፔዳሉን ረግጦ ይይዘዋል። ቶዮታ በ2009 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን የጠራው በዚሁ በምንጣፍ ምክንያት ነው፣ ፔዳሉ ምንጣፍ ተይዞበት አልመለስ እያለ።

ምንጣፉ ደህና ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ የፔዳሉን ክንድ ላይኛ ጫፍ እዩ። ሽቦው ከክንዱ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ በትንሽ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ነው። ያ ፕላስቲክ ሲበላ ቀዳዳው ይሰፋና ፔዳሉ ሽቦውን ሳይጎትት ትንሽ ይወርዳል። ይህ ከሆነ ሞተሩ ጋ ያለውን ዳዶ ብታጠብቁ ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም። ፕላስቲኩን ቀይሩ፣ ካልተገኘ ልኩ የሆነ ጠንካራ ጎማ ቆርጣችሁ አስገቡ። ቀጥሎ ካቦው ከሾፌሩ ክፍል ወደ ሞተሩ የሚያልፍበትን ግድግዳ ተመልከቱ። አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ቱቦው ራሱ ወደፊት ወደኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መያዣው ለቋል ማለት ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጓደኛችሁ ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻ ይርገጥ። እናንተ ኮፈኑ ሥር ሆናችሁ መዘውሩን እዩ። ሁለት ጥያቄ ነው የምትጠይቁት። ፔዳሉ ምን ያህል ከወረደ በኋላ ነው መዘውሩ መንቀሳቀስ የጀመረው? ፔዳሉ ወለል ሲነካስ መዘውሩ መጨረሻው ላይ ደርሷል? መድረሱን ለማረጋገጥ ጓደኛችሁ ረግጦ እንደያዘ በእጃችሁ መዘውሩን ግፉት። ገና ቦታ ቀርቶት ወደፊት የሚሄድ ከሆነ ሞተራችሁ ያለውን ኃይል ሙሉ እየተጠቀማችሁበት አይደለም። ሚኒባስ ቀድማችሁ ለማለፍ ስትወጡ የጎደለችባችሁ ያቺ ነች።

ማስተካከሉ

መዘውሩ አጠገብ ካቦውን የያዘ ትንሽ ብረት አለ። የቱቦው ጫፍ ጥርስ የወጣለት ነው፣ ከብረቱ ፊትና ኋላ ሁለት ዳዶ አጥብቀውት ይቆማሉ። ብዙ ቶዮታ ላይ 12 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል፣ አንዳንዱ 10 ወይም 14 ይፈልጋል። አንደኛውን ዳዶ አላልታችሁ ቱቦው ከመዘውሩ ወደሚርቅበት አቅጣጫ ስታስኬዱት ሽቦው ይወጠራል። ዳዶው ዝጎ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ትንሽ ዘይት አንጠብጡበትና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የካቦ ጥርስ ስስ ነው፣ በጉልበት ከተበላ በኋላ ያኔ በእርግጥም «ይቀየር» ነው።

ምን ያህል ይጥበቅ? ሽቦውን በሁለት ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ነካ አድርጉት። ትንሽ መወዛወዝ አለበት። ሆንዳ ለብዙዎቹ የካቦ ሞዴሎቹ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን መወዛወዝ ይፈቅዳል። የእናንተን መኪና መመሪያ ካላገኛችሁ በግማሽ ሴንቲ ሜትርና በአንድ ሴንቲ ሜትር መካከል አድርጉት። ጊታር ክር አታድርጉት።

ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። ሞተር መኪናው አካል ላይ በብሎን ተቸንክሮ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው። ነዳጅ ስትሰጡና ማርሽ ሲገባ ይወዛወዛል፣ ያ ጎማ ካረጀ ደግሞ በዓይን የሚታይ ያህል ይዘላል። ካቦው አንዱ ጫፉ አካሉ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ሞተሩ ላይ ነው። ልል የሚባል ነገር ካልተዋችሁለት ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ራሱ የራሱን ነዳጅ ይጎትታል። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ሳታሳርፉ መኪናዋ ትሄዳለች ማለት ነው። በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ይህ ምን እንደሚሆን ማሰብ ከባድ አይደለም።

ስለዚህ ዳዶዎቹን ካሰራችሁ በኋላ ሦስት ፈተና አድርጉ። ሞተሩ ሳይነሳ መዘውሩን በእጃችሁ ሙሉ ከፍታችሁ ልቀቁት፣ ሞላው ጧ አድርጎ መመለስ አለበት። ከተንቀረፈፈ አትነዱ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ሚኒሞውን ስሙ። ከማስተካከላችሁ በፊት ከነበረው ከፍ ብሎ ከሆነ አብዝታችሁ አጥብቃችኋል፣ መልሱት። ሦስተኛው፦ እግራችሁ ፍሬን ላይ ጠብቆ ሆኖ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ወደፊትና ወደኋላ አቀያይሩ። ሞተሩ ሲወዛወዝ ድምፁ ራሱ በራሱ ከፍ ማለት የለበትም። ይህን ስታደርጉ ማንም ፊት ለፊታችሁ አይቁም።

አንዳንድ ሰው የላላውን ካቦ ትቶ የሚኒሞ ማስተካከያዋን ቡሎን ያዞራል። ሞተሩ ቆሞም ስለሚጮህ መኪናዋ «የነቃች» ትመስላለች። ግን ልሉ ያው ነው፣ ፔዳሉ ሲረገጥም መጨረሻው አይደርስም። የምታገኙት ነገር ቢኖር ቆማችሁ የምታቃጥሉት ነዳጅ ነው። ለነዳጅ የሚሰለፈው ሰው ይህን ባያደርግ ደስ ይለኛል።

ዳዶው መጨረሻ ደርሶ አሁንም ከላላ

ይህ አሮጌ መኪና ላይ የተለመደ ነው፣ የጥርሱ ርዝመት አልቋል። ሰው ካቦ ሊገዛ ሶማሌ ተራ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ግን ቅድም ያልነው ብልሃት ይሠራል፣ ቱቦውን ማስረዘም።

የቱቦው ጫፍ ብረቱ ላይ በሚደገፍበት ቦታ መሐል የሚገባ ነገር ትፈልጋላችሁ። ምርጡ ሮንዴላ ነው። ቀዳዳው በካቦው ጫፍ ጥርስ ልክ የሆነ፣ ወፍራም ሮንዴላ ገዝታችሁ አንድ ጎኑን በብረት መጋዝ ሰንጥቁ፣ ሽቦው በስንጥቁ እንዲገባ። ሽቦውን ከመዘውሩ ላይ መንቀል የምትችሉ ከሆነ መሰንጠቅም አያስፈልግም፣ በጫፉ በኩል ታስገቡታላችሁ። አንድ ሮንዴላ ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ያህል ይሰጣል፣ ሁለት ሦስት መደረብ ይቻላል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ግን ካቦው በእርግጥ አብቅቶለታል፣ ወይም ልሉ ሌላ ቦታ ነው።

የተሰነጠቀ ሮንዴላ እንዳይወጣ ስንጥቆቹን በተቃራኒ አቅጣጫ አድርጋችሁ ደርቡ፣ ከላዩ ዳዶው አጥብቆ ይያዘው። የስንጥቁን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱት፣ ሽቦውን ከነካ ይበጥሰዋል። ብስክሌት ጠጋኞች ጋ ደግሞ ለፍሬን ካቦ የምትሆን ጥርስ ያላት ትንሽ ማስተካከያ አለች፣ ልኳ ከገጠመ ከሮንዴላ ትሻላለች፣ ወደፊትም በእጅ ታስተካክሏታላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ በሰፊው የሚታየው ሌላው ዘዴ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፣ ያቺ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚታሰርባት። ከቱቦው ጫፍ ኋላ ጠበቅ አድርጎ አስሮ ልሉን መያዝ። ይሠራል፣ ለዛሬ። የሞተር ክፍል ውስጥ ግን ሙቀት አለ፣ ፕላስቲኩ ይደርቅና አንድ ቀን ይሰበራል። ቢሰበርም ካቦው ተመልሶ ይላላል እንጂ አይጣበቅም፣ ስለዚህ አደጋ የለውም። ግን ቤት እስክትደርሱ እንጂ ለክረምት ከበጋ የሚሆን ሥራ አይደለም። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጦ መሐል ማስገባትም እንደዚያው ነው።

በፍጹም የማይደረገው ሽቦውን ራሱን መቋጠር፣ ማጠፍ፣ ወይም ተበጥሶ በሌላ ሽቦ መቀጠል ነው። ቋጠሮ ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ ይያዛል። የሚያዘው ደግሞ ነዳጁ ክፍት እንደሆነ ነው። ለዚሁ ሲባል ከማስተካከል በፊት ሽቦውን በሁለቱም ጫፍ በደንብ እዩት፣ በጨርቅ ይዛችሁ ጎተት አድርጉት። አንድ ክር እንኳን ተበጥሶ ጨርቁን ከያዘ ሮንዴላውን እርሱት፣ ካቦው ይቀየራል። በዚህ ላይ ከጋራዡ ጋር ክርክር የለኝም።

ሽቦው ጤነኛ ሆኖ ሲንሸራተት ከከበደ ደግሞ መታጠብ ነው የሚፈልገው። ካቦውን ነቅላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉት። የትንሽ ፌስታል አንዱን ጥግ በጥቂቱ ቆርጣችሁ የቱቦውን ላይኛ አፍ አስገቡበትና በስኮች ጠቅልላችሁ እሰሩት። ቀጭን የሞተር ዘይት ጥቂት አፍስሱበት፣ ከታች ዕቃ አስቀምጡ፣ ሽቦውን ወጣ ገባ እያደረጋችሁ አሳድሩት። በመጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ ያ የአዳማ አቧራ ነው። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ቀጥሉ። ወፍራም ግራሶ ግን አታስገቡ፣ አቧራ ይሰበስባል። ካቦው ውስጡ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው አዲስ ዓይነት ከሆነ ዘይትም አያስፈልገውም፣ መጥረግ ይበቃል።

አውቶማቲክ ከሆነች ሁለተኛውን ካቦ አትንኩ

የ80ዎቹና የ90ዎቹ ብዙ አውቶማቲክ ቶዮታ ላይ መዘውሩ ጋ ሁለት ካቦ ታያላችሁ። አንዱ ከፔዳሉ የሚመጣው ነው። ሌላው ወደ ታች ወደ ካምቢዮው ይወርዳል። ይህ ሁለተኛው ምን ያህል ነዳጅ እንደሰጣችሁ ለካምቢዮው የሚነግረው ነው፣ ማርሽ መቼ እንደሚቀየርና የውስጡ ግፊት ምን ያህል እንደሚሆን ይወስናል። ላልቷል ብላችሁ በግምት ካጠበቃችሁት ማርሽ ዘግይቶ ይቀየራል፣ ካላላችሁት ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ሳህኖች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። የአንድ ካቦ ዋጋ ለማዳን ገብቶ ካምቢዮ ማስወረድ ማለት ይህ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ካልለያችሁ ፔዳሉን በእጅ እየነካካችሁ ሽቦውን እስከ መዘውሩ ተከተሉ።

ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ነገራችሁ ለየት ይላል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሽቦው ከፔዳሉ ተነስቶ በመኪናው መሐል ለመሐል አልፎ ካርቡሬተሩ ድረስ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ዳዶ ሳይሆን ሽቦውን የምታንቅ ትንሽ ቡሎን ናት ያለችው። አላሏት፣ ጓደኛችሁ ፔዳሉን እስከ ወለል ይርገጥ፣ የካርቡሬተሩ ክንድ መጨረሻው ላይ ሊደርስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው አጥብቁ። ያቺን አንድ ሚሊ ሜትር ካልተዋችሁ ሾፌሩ በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ሽቦው ላይ ያርፋል፣ ይበጠሳል። አሮጌዎቹ ላዳዎች በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንጎች ነው የሚሠሩት፣ እዚያ ልል ካለ የዘንጎቹ መገጣጠሚያ በልቶ ነው። ናፍታ የሆኑት አሮጌ ሃይሉክስና አይሱዙ ላይ ካቦው የሚጎትተው የፖምፓውን ክንድ ነው፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ባጃጅ የምትነዱ ልጆች፣ እናንተም አላችሁበት። ካቦው ከእጀታው ይነሳል፣ ማስተካከያውም ጎማ ሽፋን ሥር ተደብቃ ትገኛለች። የእናንተ ዋና ፈተና ይህ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ ቆማችሁ፣ መሪውን እስከ ግራ መጨረሻ ከዚያም እስከ ቀኝ መጨረሻ አዙሩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ካቦው በጣም ጠብቋል ወይም መንገዱ ላይ የሆነ ነገር ይዞታል። ይህን ያልፈተሸ ባጃጅ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ራሱ ነዳጅ ይሰጣል።

ነዳጁ ክፍት ሆኖ ቢያዝባችሁ

ካቦ የነካ ሰው ይህን ሳያውቅ መንገድ መውጣት የለበትም፣ በተለይ የአዲስ አበባ–አዳማን ወይም ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ። እግራችሁን አንስታችሁ መኪናዋ ፍጥነቷን ካልቀነሰች ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ዜሮ (ፎሌ) አድርጉ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ወደ «ኤን» ግፉት። ሞተሩ በጣም ይጮኻል፣ ይጩህ። ሞተር ይተካል። ፍሬኑን አንዴ በደንብ ረግጣችሁ ያዙት፣ ደጋግማችሁ አትምቱት። ቤንዚን መኪና ላይ ፍሬኑን የሚያቀልላችሁ ጉልበት የሚመጣው ከሞተሩ የአየር መሳብ ነው፣ ነዳጁ ሙሉ ክፍት ሲሆን ያ መሳብ የለም ማለት ይቻላል። የተጠራቀመው ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ደጋግማችሁ ከመታችሁ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንባችኋል።

መኪናዋ እየሄደች ቁልፉን ሙሉ አጥፍታችሁ አትንቀሉ፣ መሪው ይቆለፋል። ዳር ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ ነው ሞተሩ የሚጠፋው። ከዚያም ጎንበስ ብላችሁ ፔዳሉን ለመሳብ ከመሞከር በፊት መጀመሪያ ምንጣፉን እዩ።

ሁሉን አድርጋችሁም ካልሄደችላችሁ

ካቦው ተስተካክሎ፣ መዘውሩ ሙሉ እየተከፈተ፣ መኪናዋ አሁንም ከደከመች ችግሩ ካቦ አይደለም። አንዳንዱ ችግርም ከመኪናዋ ሳይሆን ከቦታው ነው። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳን አትሞላም፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። አዳማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 18 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ ሩብ ይጠጋል። ተርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን እያለፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ መኪናዋ ብትለግም፣ ወደ አዳማ ስትመለሱ ደግሞ ብትነቃ፣ ዳዶውን አትወንጅሉት።

አዳማ ላይ ሆናችሁም የምትለግም ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። አውጡትና በፀሐይ አንጻር ያዙት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ያ ነፋስ ሞልቶታል። ከውስጥ ወደ ውጪ በአየር መንፋት ለጊዜው ይረዳል፣ የተቀደደ ወይም ዘይት የጠጣ ከሆነ ግን ይቀየር። ካርቡሬተር ያላት መኪና ላይ ደግሞ ቾኩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ መከፈቱን እዩ፣ ግማሽ ተዘግቶ የቀረ ቾክ ነዳጅ እየጠጣ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፣ ብዙ ሰው ግን የሚፈታው ካቦውን ነው። የሮንዴላ ሥራ የሠራችሁ ደግሞ ከሳምንት በኋላ አንዴ ኮፈኑን ከፍታችሁ ዳዶዎቹን ነካ አድርጉ፣ አዲስ የገባ ሮንዴላ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቀመጣል፣ ዳዶውም ይላላል።